የወጌሻው አሻራ ያለበት ወረቀት

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ሃያ አራት። ልዩነቱን የማነሣው ለቁጥር አይደለም። እሱ ሲወለድ እኔ ልጅ ማዘል የምችልበት ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ፣ ከእናታችን ጀርባ ይልቅ የሚያውቀው የእኔን ጀርባ ነው። አባታችን ቀድሞ አርፏል፤ እናታችን ውላ የምትገባው ከሥራ ነው። እናም ልጁን እኔ አሳደግሁት ብል ብዙ አልዋሸሁም። ማሳደግ ክፉ ልማድ ነው፤ ያሳደጉት ሰው አድጎ መጨረሱን አያስተውሉም።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ የወደድኩት ዕቃ ተጠቅልሎበት በሚመጣ የስፖርት ጋዜጣ ነበር። ማመልከቻ መጻፍም ያስተማረኝ የለም፤ ሌሎች የጻፉትን እያየሁ ነው የለመድኩት። አፍንጮ በር፣ እኛ ሰፈር፣ ወረዳ ጉዳይ ያለበት ጎረቤት “እስኪ እጅሽን አበድሪኝ” ሳይለኝ አይሄድም። ወሬም አውቃለሁ። አንድ ነገር አይቼ ሳላወራው አላድርም፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ነፍሴ ደስ ይላታል። ይህን ፊት ለፊት የምናገረው በኋላ የሚመጣው ነገር ከዚህ ስለሆነ ነው።

የምሠራው ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ፣ ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር በሙቀት የሚታተምበት ሱቅ ውስጥ ነበር። ሕንፃው አሁን ፈርሷል፤ ሱቁ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርዷል። ባለሱቁ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ወንድሜ ለአንድ ትልቅ ክለብ በተፈራረመ ጊዜ የክለቡ የትጥቅ ኃላፊ ማሊያ ይዞ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። የወንድሜን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያ ላይ ያተምኩት እኔ ነኝ። አንዲቷ ፊደል ጠመም አለችብኝና ልነቅላት ስል ጋሼ፣ “ተያት፣ እሱም ሲሮጥ ጠመም ይላል” አሉኝ።

ኳስ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ቡድን የፈለገውን ያህል ሰው መመዝገብ አይችልም፤ ዝርዝሩ ልክ አለው። የተመዘገበ ተጫዋች ፎቶው ያለባት መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ቴሴራ ይሏታል። ቴሴራ የሌለው ሰው ክንፍ ቢያበቅል እንኳ ሜዳ አይገባም። የውድድሩ እኩሌታ ላይ ዝርዝሩ ለትንሽ ጊዜ ይከፈትና ቡድኑ ሰው አውጥቶ ሰው ያስገባል፤ ከዚያ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ውጪ የቀረ ውጪ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ወንድሜ ነው፤ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን፣ የለስላሳ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ።

“የተጎዳስ?” አልኩት።

“የተጎዳም ቆርኪ ነው። ቦታ ይይዛል እንጂ አይጫወትም።”

“ታዲያ አውጥተው አይጥሉትም?”

“ለእነሱ ሲጫወት የተጎዳን ሰው እንደ ፈለጉ አይጥሉም። በክለቡ ሐኪም እየታከመ እስካለ ድረስ ውሉ ይጠብቀዋል።” ከዚያ አንዷን ቆርኪ በጣቱ ገፋ አደረጋትና ሳቀ። “ብቻ አታሟርቺብኝ፣ እታለም።”

ጉዳቱን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ውድድሩ ከከተማ ከተማ ስለሚዞር እኔ ሱቅ ሆኜ ነበር የምከታተለው። ማንም አልነካውም። ኳስ ሊያሻግር ዞር ሲል እግሩ መሬት ላይ ቀረ፤ የዞረው ሰውነቱ ብቻ ነው። ጋሼ መቀሱን አስቀመጡና “ያ አላህ” አሉ። ወንድሜ ከወደቀበት ተነሣ። ጥቂት እርምጃ ሮጠ። ከዚያ ራሱ እጁን አውጥቶ ቀይሩኝ አለ። እኔን ያስደነገጠኝ መውደቁ አልነበረም፤ ይህ ልጅ ትኩሳት ይዞትም ቀይሩኝ ብሎ አያውቅም።

ወደ አዲስ አበባ መለሱት። ቡድኑ እዚያው ከተማ ቀረ፤ ገና የሚጫወተው ጨዋታ ነበረው። ወንድሜ ተጫዋቾቹ የሚኖሩበት ካምፕ ውስጥ ከዘበኛውና ከምግብ አብሳይዋ ጋር ብቻውን ከረመ። “ቀጠሮ ይያዝልሃል፣ ጉልበትህ በማሽን ይታያል” ተባለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። እሁድ እሁድ ቤት ሲመጣ ሱሪው ከጉልበቱ በላይ አልወጣ ይል ነበር፤ እብጠቱ እንደዚያ ነው።

“ያሳዩህ እንጂ!” አለች እናቴ።

“ሐኪሙ እኮ ከቡድኑ ጋር ነው፣ እማዬ።”

“በሽተኛው እዚህ፣ ሐኪሙ እዚያ? ምን ዓይነት ነገር ነው?”

“ሐኪሙ ለሚጫወቱት ነው።”

“ለሚጫወቱትማ ምን ያደርግላቸዋል? ደኅና ናቸው!”

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ንዴቷን የምታወጣበት ሰው ስላልነበረ ደጁን ጠረገችው።

እኛ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አሉ። የእኔን የእጅ አንጓ በልጅነቴ ያሰሩት፣ የግማሹን ሰፈር አጥንት የሚያውቁ ሰው ናቸው። “እሳቸው ጋ እንሂድ” አልኩት።

“አይሆንም። ከክለቡ ፈቃድ ውጪ መታከም ክልክል ነው። ውሉ ላይ አለ፤ ከወጣሁ የሚጠብቀኝ ነገር የለም።”

“ታዲያ እነሱ መች አከሙህ?”

“አላከሙኝም። ግን የሚያክሙኝ እነሱ ናቸው።”

“አንተ ደግሞ! ቅቤ መታሸትን ሕክምና የሚለው ማነው? ደግሞስ ማን ይነግራቸዋል?”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይነግራቸዋል ያልኩት።

ሄድን። ሽማግሌው ወንድሜን ዱካ ላይ አስቀምጠው እግሩን ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ “አንተ ነህ በየሳምንቱ የሰው ልጅ የምትጥለው? እንግዲህ ዛሬ ተራህ ነው” አሉት። ሳይዘጋጅ ጫን ሲሉት የጮኸውን ጩኸት! ዓይነ ስውር ድመታቸው ሳትቀር ከአልጋ ሥር ወጥታ ሸሸች። አሽተው፣ በጨርቅ ጠፍረው፣ “አጥንት አይደለም፤ ጅማት ነው። እኔ እብጠቱን ላወርድልህ እችላለሁ፤ ጅማቱን ጊዜ ነው የሚያውቀው” አሉ። በሳምንቱ ደግመን ሄድን። እብጠቱ በእውነት ጎደለ። ወንድሜ ቁልቁለቱን ያለ ድጋፍ ሲወርድ አየሁና ልቤ ሞላ። “ለማንም፣ እሺ?” አለኝ ታክሲ ተራው ጋ። “ለማንም” አልኩት።

በሦስተኛው ቀን የትጥቅ ኃላፊው የተቀደደ ማሊያ ይዞ ሱቅ መጣ። ጠና ያለ፣ ሳቂታ፣ የፒያሳ ልጅ ነው። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሦስት ደንበኞች ነበሩ። “የወንድምሽ ጉልበት እንዴት ነው?” አለኝ። ደኅና ነው ብዬ ብተወው ምን ነበር? ግን ያቺ ድመት ምላሴ ላይ ነበረች። ሽማግሌውን ሆኜ ተቀመጥኩ፣ ወንድሜን ሆኜ ጮህኩ፣ ድመቷን ሆኜ በባንኮኒው ሥር ሸሸሁ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የትጥቅ ኃላፊው ዕንባውን እየጠረገ፣ “እህት ዓለም፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቴአትር ቤት እያለልሽ!” አለ።

ሲወጣ ጋሼ ማሊያ እያጠፉ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ “ልጄ፣ ይህን ለእሱ መንገር ነበረብሽ?” አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እኔ ለሳቅ እንዳወራሁት እሱም በአውቶቡስ ለሳቅ አወራው። ወሬው ከአውቶቡሱ ኋላ ተነሥቶ ፊተኛው ወንበር ላይ ከሚቀመጠው ቡድን መሪ ደረሰ። በሳምንቱ ወንድሜ ቤት ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ ነበረው፤ ከፈቃድ ውጪ ታክመሃል ስለሚባል ቀርበህ አስረዳ የሚል። ውድድሩ እኩሌታው ላይ ቆሞ ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል፤ ዝርዝሩ የተከፈተበት ጊዜ ነበር፤ ዓርብ ይዘጋል።

“ምን አልካቸው?” አልኩት።

“ተይው፣ እታለም። እኔ ጨርሼዋለሁ።”

“እንዴት ጨረስከው?”

“ተይው አልኩሽ።”

ሌላ ጊዜ እንደዚህ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ወሬው ከእኔ ወጥቶ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስከራከር አደርኩ። ሲነጋ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። አፌ ያበላሸውን እጄ ያቃናዋል አልኩ። ሽማግሌው ጋ ሄድኩና አንድ ሉክ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። “ክቡር ሆይ” ብዬ ጀመርኩ። እኒህ አባት ለተጫዋቹ መድኃኒት አልሰጡም፣ መርፌ አልወጉም፣ ያደረጉት በቅቤ ማሸትና በጨርቅ ማሰር ብቻ ነው፤ ይህም በአገራችን ልማድ እንጂ ሕክምና አይባልም፤ ይህንንም በሁለት ቀን ብቻ አድርገዋል ብዬ፣ ሁለቱን ቀኖች ከነወራቸው ጻፍኩ። ያመጣሁትም እኔ እህቱ ነኝ እንጂ እሱ አልፈለገም አልኩ። ሽማግሌው መጻፍ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክሬ ከሥሩ አሳረፉልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ያማረ ነበር፤ እውነትም ነበር።

ለወንድሜ ሳልነግረው ረቡዕ ጠዋት ክለቡ ቢሮ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ተቀምጬ እስከ ምሳ ጠበቅሁ። ቡድን መሪው ወጣት፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ። “ምን ልታዘዝ?” አለ።

“ጌታዬ፣ ልጁ አላጠፋም። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ሕክምና አይደለም፣ ቅቤ ነው። ይኸው ጽፈን አምጥተናል።”

ወረቀቱን አነበበ። ተመልሶ ከላይ ጀምሮ አነበበው።

“ሁለት ጊዜ ነው የሄዳችሁት?”

“ሁለት ጊዜ ብቻ።”

“ቀኑንም ጽፈዋል።”

“ምንም መደበቅ አልፈለግንም።”

“አሻራው የሰውየው ነው?”

“ዓይኔ እያየ ነው ያሳረፉት።”

“የእጅ ጽሕፈትዎ ያምራል” አለኝ። አመሰገንኩት። “ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ?” አለ። “ለእርስዎ አይደል የጻፍነው!” አልኩና ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ቀሎኝ ነበር። በሩ ላይ ለዘበኛው ሳይቀር ደኅና ዋል አልኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ጨርሼልሃለሁ፣ ሁሉንም በጽሑፍ አስረድቻለሁ አልኩት።

የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” አልኩ።

“እኔ እኮ አልሄድኩም ብያቸው ነበር” አለኝ።

“ምን?”

“የሰማችሁት ወሬ ነው፣ አልታከምኩም ብዬ ፈርሜያለሁ። በእጃቸው ምንም አልነበረም፣ እታለም። የተጎዳነው ሦስት ነን። አንድ ሰው ማውጣት ይፈልጋሉ። ማናችንንም ለማውጣት ግን ምክንያት አጥተው ነበር።”

የቆምኩት መንገድ ዳር ነው። ሰው ይገፋኛል፣ ታክሲ ይጠራል፣ አንዱ “እናት፣ መንገድ ልቀቂ!” ይላል። ስልኩን ይዤ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ቡድን መሪው ለምሳ ሊወጣ በሩን ሲቆልፍ አገኘሁት።

“ወረቀቱን ይመልሱልኝ” አልኩት። “ተሳስቼ ነው።”

“ፋይል ውስጥ ገብቷል።”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት! እኔ ቀድጄ ልጣለው። እግርዎ ላይ ልውደቅ?”

“እባክዎ፣ እንደሱ አይበሉ።” እጄን ያዘኝ፤ እውነት ነው፣ ያዘነ ይመስላል። “እኔ ወንድምዎን አልጠላውም፤ ጥሩ ተከላካይ ነው። ግን አሰልጣኙ አጥቂ ይፈልጋል። ዝርዝሩ ሙሉ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ይዘጋል። የማይጫወቱ ሦስት ሰዎች ቦታ ይዘውብኛል። የሁለቱን ውል መንካት አልችልም።”

“የእሱንስ?”

“የእሱንም እስከ ዛሬ ጠዋት አልችልም ነበር።”

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። ብዙ ተናግሬያለሁ መሰለኝ። በሕይወቴ ሙሉ የተናገርኩት ነገር እንደዚያን ቀን ምንም ሳያደርግ መሬት ላይ ወድቆ አያውቅም። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ “ይቅርታ” ብሎ ሄደ። ሐሙስም ሄድኩ፤ የለም ተባልኩ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጽዳት የምትሠራዋ ሴት ሦስት ጊዜ እግሬን አስነሥታ ጠረገች፤ በሦስተኛው “ቤትሽ ግቢ፣ እናቴ” አለችኝ። በዕድሜ ታላቄ ሳትሆን አትቀርም።

ዓርብ ዝርዝሩ ተዘጋ። የወንድሜ ስም የለበትም።

በማግሥቱ ጠዋት የትጥቅ ኃላፊው የማተሚያ ሥራ ይዞ መጣ። ዓይኔን አላየም። “እህት ዓለም፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ብዬ ነው…” ሲል፣ “አውቃለሁ” አልኩት፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጋሼ የያዘውን ፌስታል ከፈት አድርገው አዩና መልሰው ዘጉት። “ልጄ፣ ወርደሽ ሻይ ጠጪ” አሉኝ። “ሻይ አላሰኘኝም” አልኩ። “ጠጪ አልኩሽ” አሉ። ስመለስ ማሽኑ ይፋጅ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም የለም። የአዲሱን አጥቂ ስም በማን ቁጥር ላይ እንዳተሙት አልጠየቅኋቸውም።

ወንድሜ ፍራሹንና ታኬታዎቹን ይዞ ካምፑን ለቆ ቤት ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ሰሐን ሲያነሣ፣ በር ሲዘጋ፣ አሁን ነው እላለሁ። በመጨረሻ እኔው፣ “ተቆጣኝ እንጂ” አልኩት።

“ምን ብዬ?”

“የፈለግኸውን።”

“እንደ ልማድሽ ነው ያደረግሽው” አለና ጫማውን ማሰር ቀጠለ።

በአፌ እንደወጣም፣ ድመቷንም፣ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ክለቡ ውስጥ ስለ ድመቷ ሳይቀር ሰምተው ነበር፤ ያን ደግሞ ከእኔ ሌላ ሊያወራው የሚችል የለም። እናቴ ከጓዳ ሁሉንም ሰምታ፣ “በቃ፣ ሁለታችሁም ብሉ” ብቻ አለች።

በመንግሥት ሆስፒታል ተራ ይዞ ጉልበቱ ታየ። ጅማቱ አልተቆረጠም፤ ተሰንጥቋል። ሐኪሙን ወጌሻው ጎድቶት ይሆን ብዬ ጠየቅሁት። አልጎዳውም አላለኝም፣ ጎዳውም አላለኝም። “ዕረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንቅስቃሴ” አለ። ወንድሜ ቤት እንደዋለ ክረምቱ ገባ። ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ብቻውን ሲራመድ፣ ከዚያ ሶምሶማ ሲል፣ አጥሩ ጋ ቆሜ አየዋለሁ። ውሃ ይዤለት እሄድ ነበር። “ዛሬ እንዴት ነው?” እለዋለሁ። “ደኅና ነው” ይለኛል። ያመው እንደሆነ፣ ያበጠ እንደሆነ፣ የደወለለት ቡድን ይኖር እንደሆነ አይነግረኝም። ድሮ ቆርኪ ደርድሮ የሚያስረዳኝ ልጅ፣ “ደኅና ነው” ብሎኝ ውሃውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ወደ ሩጫው ይመለሳል። ምን ልበል? ጠርሙሱን ይዤ እመለሳለሁ።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ፣ እኔ ወደ ሱቅ ከወጣሁ በኋላ፣ ወንድሜ ልብሱን በሻንጣ ከቶ ሄደ። አንድ የክፍለ ሀገር ቡድን፣ ከነበረበት ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ሊሞክረው ጠርቶት ኖሯል። ለእናቴ ከተማውንና ቡድኑን ነገራት፤ “ስሜ ተመዝግቦ እስኪያልቅ ለእሷ እንዳትነግሪያት” አላት። ለምሳ ስገባ እናቴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አለችኝ። እውነቱን የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ተመዝግቤያለሁ ብሎ የደወለላት ቀን ነው።